ጋዜጣው እስኪነበብ

ጥቅምት 9

ለውድ ወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ድረስ መጥቶ በርህን ያንኳኳ። እኛ ጋ ሁሉም በየቦታው አለ፤ አባባ ወይኑ ላይ፣ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ፣ የቀረውን የላይኛው ያውቃል። አንተስ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ለሰው ሁሉ ጥርስ ስትሠራ ውለህ የራስህን ለሳቅ ሳትገልጥ እንዳታድር። ስንት ዓመት ቢያልፍህ እዚህ ቤት ስምህ ማሙሽ መሆኑንም አትርሳ።

አባባ የጓሮውን ወይን ዘንድሮም ራሱ መሰላል ወጥቶ ለቀመው። እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ስጮህ፣ «ዕድሜ ልኩን የሰዓት ብሎን ሲፈታ የኖረ ሰው ከመሰላል አይወድቅም» ይለኛል። ምን ያገናኘዋል ብለህ እንዳትጠይቀው። ተጨምቆ፣ ፈልቶ፣ ሰክኖ፣ ትልልቆቹ ጠርሙሶች ዕቃ ቤት ተደርድረዋል። ከአተላው ላይ በጎማ ቱቦ ቀስ እያለ ስቦ ወደ ሌላ ንጹሕ ትልቅ ጠርሙስ አዛውሮታል። አሁን የቀረው መጥራቱ ብቻ ነው።

ሕጉን ታውቀዋለህ። ነጩን ወይን ብርጭቆ ላይ ይሞላል፣ ከብርጭቆው ጀርባ ጋዜጣ ያቆማል፣ ደቃቁ ጽሑፍ በወይኑ ውስጥ ካልተነበበለት አንዲት የመጠጫ ጠርሙስ እንኳ አይሞላም። ልጆች ሳለን ተራ በተራ ያስነብበን ነበር። ዘንድሮ ግን ነጋ ጠባ «ገና ነው፣ ድፍርስ ነው» ነው። በሻሽ ያጠልለዋል፣ የእንቁላል ነጭ መትቶ ይጨምርበታል፣ ደግሞ ይጠብቃል፣ ደግሞ «ገና ነው» ይላል። ማሙሽ አንድ ደህና ማጥለያ ይላክልኝ ብሏል።

አሁን ደግሞ የምነግርህን ስትሰማ አትሳቅብኝ። ያለፈውን ደብዳቤህን ሳነብለት ትንሽ ጨመርኩበት። «አባባ ናፍቀኸኛል፣ ሁልጊዜ ባንተ ሐሳብ ነኝ» የሚል። አንተ የጻፍከው ስለ ብርዱና ስለ መኪናህ ጎማ ነበር። ምን ላድርግ፤ ሳነብ አፍ አፌን ያየኛል፣ ጎማ ብቻ ልስጠው? በማግስቱ ደብዳቤውን ኪሱ ከትቶ ሰፈራችን ያለው መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሄዶ እንደገና አስነበበው። ተመልሶ መጣና «አንቺ እየጨመርሽ ነው የምታነቢው» ብሎ ደብዳቤውን ነጠቀኝ። ራስህ ለምን አታነበውም ስለው «ማሙሽ ጽሑፉን አጥብቦታል» ይላል። ስለዚህ ከእንግዲህ ለእሱ የምትጽፈውን ለብቻው አሽገው፤ የሚያነብለት መድኃኒት ቀማሚው ነው።

«ወይኑ ሲጠራ መጥቼ አብረን ጠርሙስ እንሞላለን» ያልከውን ግን መድኃኒት ቀማሚውም አንብቦታል። እሱ የኔ ጭማሪ አይደለም። አባባ ለጎረቤት ሁሉ ነግሯል።

ክፉ አይንካህ።
እህትህ ልብስ ሰፊዋ


ኅዳር 28

ለእታለም፣ ለእህቴም ለእናቴም፣

በያላችሁበት ሰላምና ጤና ከደጃችሁ አይጥፋ። መልሴ የዘገየው ፍቅር አንሶኝ ሳይሆን ጊዜ አንሶኝ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ ጥርሱን የሚያስነቅለው በአንድ ወቅት ተማክሮ ይመስለኛል። የምሠራው ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በመስኮቴ የሚታየኝ የአላፊ አግዳሚው ጫማ ነው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ደግሞ በጀሶ የተቀረጸ የሰው መንጋጋ ተሰልፎ ያፈጥብኛል። አንዳንዴ መልስ እሰጠዋለሁ።

የአባባን ማጥለያ ገዝቼ ልኬአለሁ። በእጅ የሚገፋ ነው፣ መብራት አይፈልግም። ሁለት ዓይነት ወረቀት አለው፤ መጀመሪያ ሻካራው፣ ቀጥሎ ለስላሳው። ወረቀቱን አስቀድማችሁ በንጹሕ ውሃ አርሱት፣ አለዚያ ወይኑ ወረቀት ወረቀት ይላል። ቱቦው የጠርሙሱን ወለል እንዳይነካ፤ አተላው ከተነሳ ድካማችሁ ከንቱ ነው። ቀስ ብላችሁ ግፉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አታመላልሱት። ወይን በወረቀት ባለፈ ቁጥር ከመዓዛውም ከቀለሙም እየጣለ ነው የሚያልፈው። አንዴ በሻካራው፣ አንዴ በለስላሳው፣ በቃ። ይህን ለአባባ አስምሪበት።

ጨምረሽ ስላነበብሽለት አልተቀየምኩም፤ ሳቅሁ እንጂ። ሲጠራ ብቻ ንገሪኝ፣ በማግስቱ ትኬት እቆርጣለሁ። እኔ ሳልደርስ አንዲት ጠርሙስ ላይ ቡሽ እንዳትመቱ፣ አደራ!

ሁልጊዜም የናንተው
ማሙሽ


ጥር 6

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ቶሎ ወደ ነገሬ ልግባ፤ የዛሬው ሰላምታ የሚያስረዝም አይደለም።

ማጥለያው ደርሶናል፣ እጅህ ይባረክ። እንዳልከው ወረቀቱን አርሰን አንዴ በሻካራው፣ አንዴ በለስላሳው አሳለፍነው። ከቱቦው ጫፍ የወረደው ወይን እንባ ነው የሚመስለው። ብርጭቆ ሞልቼ ከኋላው ጋዜጣ አቆምኩ። ስለ ጠፋ ማኅተም የወጣችውን ማስታወቂያ፣ ያቺን ጥግ ላይ የተወሸቀችውን ደቃቅ ጽሑፍ፣ ከነስልክ ቁጥሯ አነበብኳት። «አባባ ጠራ!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ። አዞረው። ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። «ጭጋግ ነው» አለ። ማስታወቂያዋን አነበብኩለት። «በቃልሽ ይዘሻት ነው» አለኝ። ሌላ ጋዜጣ አመጣሁ። «የዘንድሮ ጋዜጣ ቀለሙ ሳስቷል» አለ። በመጨረሻ ብርጭቆውን ወሰድኩና ጋዜጣውን ብቻውን ሰጠሁት። አገላበጠ፣ አራቀ፣ አቀረበ። ከዚያ «አሁን ምን እያልሽኝ ነው?» ብሎ ከዕቃ ቤት አባረረኝ። የያዘው ተገልብጦ ነበር።

ድፍርሱ ወይኑ አይደለም ማሙሽ። ዓይኑ ነው።

መነጽር ላስለካልህ ብዬ አታልዬ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሁለቱም ዓይኑ ላይ ሞራ አለ። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ አስረዳችኝ፤ ሞራው ብቻውን ቢሆን አያስፈራም፣ በፈለጉ ጊዜ ይገፈፋል። የእሱ ግን እያበጠ ከውስጥ ግፊት እየፈጠረ ነው። ክረምት ሳይገባ ካልተገፈፈ ግፊቱ ዓይኑ የሚያይበትን ጅማት ይገድለዋል፣ ያ ከሞተ ደግሞ የማንም እጅ አይመልሰውም አለች። ለመጋቢት ቀጠሮ ሰጥታናለች። አባባ ቤት ስንደርስ «ይህ ዓይን የስንቱን ሰዓት ልብ ያየ ዓይን ነው። ድፍርሱ ወይኑ ሆኖ ሳለ የኔን ዓይን ለምን ይቀድዱታል?» አለ። አልሄድም ብሏል፣ አይሄድም።

እኔን አያምነኝም፤ እየጨመርኩ የማነብ ነኝ። መድኃኒት ቀማሚው «እርስዎ፣ ዓይንዎን ቢያሳዩ ይሻላል» ቢለው «አንተ ክኒንህን ቁጠር» ተብሎ ተመልሷል። የሚያምነው አንተን ነው። እንግዲህ የምለምንህ ገንዘብ አይደለም፣ ዕቃም አይደለም። የመድኃኒት ቀማሚው ልጅ፣ ነርሷ፣ ለሥልጠና አንተ ወዳለህበት ከተማ ትመጣለች። ከጠራው ወይን፣ ከላይ ከላዩ፣ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ በእጇ ልኬልሃለሁ። እየው። ከኋላው የፈለግከውን ወረቀት አቁምበት። ከዚያ ለአባባ አንዲት መስመር ጻፍለት፤ «ወይንህ ጠርቷል፣ ዓይንህን ታከም» በለው። ሌላ ምንም።

እንደ ቃልህ መጥተህ እጁን ይዘህ ብትወስደውማ እሰየው ነበር። እሱ ባይሆን እንኳ ያቺን መስመር አትንፈገኝ።

እህትህ


የካቲት 28

ለእታለም፣

ሰላምታዬ ከበዛ ናፍቆት ጋር ይድረስሽ። ነርሷ ጠርሙሱን አምጥታልኛለች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ባለቤቴም ወዳታለች።

ስለ አባባ የጻፍሽውን አንብቤ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ግን እታለም፣ ካንቺ ባላውቅም ሐኪም ሁሉ ያስፈራራል። እኛም ጥርሱ ትንሽ የተነቃነቀበትን ሰው «ካልፈጠንክ ሁሉም ይረግፋል» እንለዋለን፤ አለዚያ በቀጠሮው ማን ይመጣል? አባባ መሰላል የሚወጣ ሰው ነው። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትንሹን ጉም ዝናብ የምታደርጊ ነሽ።

ለእሱ ስለ ወይኑ ለብቻው አሽጌ ጽፌለታለሁ፤ መድኃኒት ቀማሚው ያንብብለት። ደስ የሚለውን ነው የጻፍኩት።

የመምጣቴ ነገር በዚህ ወራት የሚሆን አልሆነም። ባለቤቴ አዲስ ሥራ ጀምራለች፣ ጣራው ማፍሰስ ጀምሯል፣ አለቃዬ ደግሞ የዕረፍት ስም ሲጠራ ጥርሱን ያመዋል። ዓመቱ ገና ረጅም ነው። ሁሉም በጊዜው ይሆናል።

ሁልጊዜ የማስባችሁ
ማሙሽ


መጋቢት 24

ለማሙሽ፣

እንዴት ሰነበትክ። እኛ እንዳለን አለን።

ያሸግከው ደብዳቤ በመጣ ቀን አባባ ኮቱን ለበሰ። መድኃኒት ቀማሚው ሱቅ ድረስ ክንዱን ይዤ ወሰድኩት፤ መንገዱን ከማየት መገመት ስለጀመረ እንደ ድሮው አልተቆጣኝም። ዛሬ ያምናል፣ በሳምንቱ ይታከማል ብዬ ነበር። መድኃኒት ቀማሚው መነጽሩን አድርጎ እንዲህ ብሎ አነበበ፤ «አባባ፣ ወይኑን በብርሃን አየሁት። አንተ ልክ ነህ፣ ገና ትንሽ ጭጋግ አለበት። በለስላሳው ወረቀት እንደገና አሳልፈው። አትቸኩል። ሲጠራ እኔም እመጣለሁ።»

መድኃኒት ቀማሚው ደብዳቤውን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ሌላ ነገር አልነበረበትም።

አባባ ጠረጴዛውን መታ። «አላልኩም? ከዚህ ሁሉ ሰው ዓይን ያለው ማሙሽ ብቻ ነው!» አለ። ደብዳቤህን ስሞ የደረት ኪሱ ከተተው። የሐኪሟ ቀጠሮ ያለፈው ማክሰኞ ነበር። ታክሲ ደጅ አቁሜ ስለምነው እሱ ዕቃ ቤት ሆኖ ማጥለያህን ይገፋ ነበር። ለታክሲው ሰው ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት።

አታመላልሱት ብለህ ያሰመርክበት አንተ ነህ። አሁን ወይኑ ስንተኛ ጊዜ እንዳለፈ እኔም ጠፍቶብኛል። ወርቅ የመሰለው ቀለሙ እየሄደ ነው። አፍንጫዬን ጠርሙሱ ላይ ደፍቼ የማሸተው ረጥቦ የደረቀ ወረቀት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ከመንገድ ተናውጦ ደፍርሶ ነው ወይ የደረሰህ? እኔ ስልከው የጠራ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ተናውጦ ከሆነ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጠውና እንደገና እየው። ከዚያ ጻፍለት። ሐኪሟን ሄጄ ለምኛት ለሰኔ መጀመሪያ ሌላ ቀጠሮ ሰጥታኛለች። ከዚያ ወዲያ የለም ብላኛለች። ስለ እናታችን ብለህ ጻፍለት።

እህትህ


ግንቦት 2

ለእታለም፣

ደህና ነሽ ወይ። እኔ ሥራ ጠፍንጎ ይዞኝ በእግሬ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

አዎ፣ መንገድ ላይ ተናውጦ ይሆናል። እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ እንግዶች መጥተው ስለተጠጣ እንደገና ለማየት አልተመቸኝም። አባባን በዓይን ነገር አታስጨንቂው፤ ሽማግሌ ሲጨነቅ ነው የሚታመመው። ሌላ እሽግ ለስላሳ ወረቀት ልኬለታለሁ፣ ሥራ መፍታት አይወድም።

ሲረጋጋልኝ በሰፊው እጽፋለሁ።

ማሙሽ


ሰኔ 27

ለማሙሽ፣

ሰላምታ አልጽፍልህም ብዬ ወስኜ ነበር። ያሳደገኝ አባባ ስለሆነ እጽፋለሁ፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

ነርሷ ሥልጠናዋን ጨርሳ ተመልሳለች። የሥራ ልብሷን እንዳጠብብላት መጥታ፣ ወገቧን እየለካሁ ስለ አንተ ጠየቅኳት። ምስኪን፣ ደስ ይለኛል ብላ ሁሉንም ነገረችኝ። ቤትህ እንዴት እንደተቀበልካት። ጠርሙሱን ከፎጣው ፈተህ ወደ መስኮቱ እንዳነሳኸው። «ወይ አባባ! መስታወት እኮ ነው!» ብለህ ሚስትህን ጠርተህ እንዳሳየሃት። በዚያው ቀን ቀድተህ እንዳጠጣሃቸው። መንገድ ላይ ተናውጦ ነበር ወይ አልኳት። «ኧረ እትዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የሄድኩት» አለችኝ። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ለማንሳት ጎንበስ ስል ቀና ማለት አቃተኝ።

ሁለተኛውንም ቀጠሮ አልሄደም። የላክህለት ወረቀት አላለቀማ።

ከሳምንት በፊት ጠዋት ቁርሱን ሳቀርብለት ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አገኘሁት። ያስመልሰዋል፣ «ዓይኔን አውጡልኝ» ይላል። መድኃኒት ቀማሚውና እኔ ደግፈን ሆስፒታል አደረስነው። ሕመሙን አስታገሡለት። ያቺው ሐኪም መጣች። መብራት አበራችበት፣ አጠፋች፣ አበራች። «በምን ያዩኛል፣ ጨለማ ነው እኮ፣ መብራቱን አብሩት» አላት። መብራቱ በርቶ ነበር። ኮሪደር ላይ አውጥታኝ «መጋቢት ላይ ብትመጡ ኖሮ» አለችና የጀመረችውን ሳትጨርስ እጄን ያዘችኝ።

አባባ ታወረ ማሙሽ። ሁለቱም ዓይኑ። ይኸው ነው ወሬው።

አንዲት መስመር ነበር የለመንኩህ። ደብዳቤ ለመጻፍ ወረቀትና እስክሪብቶ አንስተሃል፣ ሐሳቡን አስበሃል፣ ቴምብር ለጥፈሃል። ያን ሁሉ ድካም ከደከምክ በኋላ እውነቱን ለመጻፍ ምን ከበደህ? ዛሬ ግድግዳውን እየዳበሰ ዕቃ ቤት ገብቶ ማጥለያውን ሲነካካ አገኘሁት። «ዛሬስ እንዴት ነው፣ ጠራ?» አለኝ። ምን ልበለው? አንተ ጻፍልኝ፣ ምን ልበለው?


ሐምሌ 20

ለእታለም፣

እንደምን ነሽ ማለት አፈርኩ። ደብዳቤሽን ምድር ቤት ሆኜ፣ በነዚያ ሁሉ መንጋጋዎች ፊት አነበብኩት። አለቀስኩ። ከአንጀት አለቀስኩ፤ አመንሽም አላመንሽም።

ጠርቷል ብዬ ብጽፍ መምጣት ነበረብኝ። ቃሌ ነው፣ ለጎረቤት ሁሉ ተነግሯል። መምጣት ደግሞ አቃተኝ። አቃተኝ ስልሽ ትኬቱን አይደለም፣ ዕረፍቱንም አይደለም። «ጋዜጣውን ገልብጦ ያዘው» ብለሽ የጻፍሽልኝን ካነበብኩ ወዲያ እግሬ ታሰረ። እኔ ዘንድ ያለው አባባ መሰላል ላይ ወጥቶ አንቺን የሚያስጮህሽ ነው። እሱ እንዳለ እንዲቆይልኝ ፈለግኩ። በመንገድ ክንዱን ይዤ ስመራው ሰው ሲያየን ታየኝና ፈራሁ። ወር ሁለት ወር የሚዘገይ መስሎኝ ነው። ዓይን እንዲህ ቶሎ ይጠፋል ብሎ ማን አሰበ? አንቺስ ብትሆኚ አንድ ዘዴ ፈልገሽ ልትወስጂው አትችይም ነበር? መነጽር ብለሽ አንዴ ወስደሽው የለ?

ይህ ሁሉ አለፈ። አሁን ትኬት ቆርጫለሁ። ለዘመን መለወጫ ሰሞን እገባለሁ። እዚህ ስመ ጥር ሐኪም አነጋግሬአለሁ፤ ወረቀቶቹን ሁሉ አሰባስቢልኝ፣ ያየዋል ብሏል። ወጪው በሙሉ በኔ ነው።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ያንን ደብዳቤ እንዴት እንደጻፍኩት ለአባባ አትንገሪው። ነርሷንም አፏን አስይዢልኝ። ሌላውን ሁሉ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንደፈለግሽ አድርጊኝ።

ወንድምሽ


ነሐሴ 19

ለማሙሽ፣

በሰላም ያግባህ።

ስመ ጥሩን ሐኪምህን አታድክመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። የሞተ ጅማት ነው፣ እዚህም ሞቷል፣ እዚያም ሞቷል። መሰላል የሚወጣውን አባባ እዚያው ምድር ቤትህ አስቀምጠው፤ እኔ ዘንድ ያለው ወንበሩን ዳብሶ የሚቀመጠው ነው። እሱ ዘንድ ያለኸው አንተም ጠጉርህ ያልተመለጠው ነህ። ነርሷ የነገረችኝን መመለጥህን እንግዲህ አያይም፤ በዚህ በኩል እኩል ናችሁ።

ሐምሌ ካለቀ በኋላ አባባ ወይኑን መቅመስ ጀመረ። ድሮ በዓይኑ ካልፈረደ ምላሱን አያምንም ነበር። ባለፈው እሑድ መድኃኒት ቀማሚው ሊጠይቀው መጥቶ፣ ዕቃ ቤት ሦስታችንም ተቀምጠን፣ አባባ ተጎነጨና ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ውሃ ነው» አለ። ደግሞ ተጎነጨና «ይሄ የጠራው ዛሬ አይደለም፣ ቆይቷል» አለ። መድኃኒት ቀማሚው ሰው ነውና አላስቻለውም። «ጥር ላይ ጠርቶ ነበር እኮ፣ እርስዎ» አለው።

«ጥር ላይ?» አለ አባባ። «ማሙሽ በየካቲት ጭጋግ አለበት ብሎ ጽፏል። አንተ ራስህ ነህ ያነበብክልኝ።»

«ማንበቡንማ አንብቤአለሁ» አለና ወደ እኔ አየ። ልጁ ሁሉንም ነግራዋለች። አፏን ለማስያዝ አልደረስኩም ነበር፤ ደብዳቤህ ሲመጣ ወሬው እቤታቸው አድሮ ነበር።

አባባ ሲያስብ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለህ፤ የቆመ ሰዓት ተከፍቶለት የቱ ጥርስ እንደዘለለ የሚፈልግ ያህል ነው። እየደረሰበት መሆኑን አየሁ። እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ፣ ደብዳቤህ ካለችበት። ማሙሽ፣ ዓይኑ ሲጠፋ እንኳ እንደዚያ አልፈራም። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፄን ወደ ሰማበት።

«ከየትኛው ነው የቀዳሽለት?» አለኝ።

«ምኑን አባባ?»

«ለማሙሽ የላክሽውን! ከታች ነው አይደል? ቱቦውን አተላው ውስጥ ነክረሽ፣ ከነጭቃው ነው የላክሽለት። ልጁ ያየውን ነው የጻፈው። ማሙሽ ያላየውን አይጽፍም። በይ፣ ከታች አይደለም?»

እየለመነኝ ነበር። ቁጣ ይመስላል እንጂ ልመና ነበር። መድኃኒት ቀማሚው አፉን ከፈተ። ራሴን ነቀነቅሁበት፤ ተወው ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። መልሶ ዘጋው።

«አዎ አባባ» አልኩ። «ከታች ነው የቀዳሁት።»

ትንፋሹ ወጣ። ትከሻው ሲወርድ፣ ፊቱ ሲያርፍ አየሁት። እጁን ከኪሱ አነሳ። «አውቄዋለሁ» አለ። «እንግዲህ ዓይኔን ያጠፋሽው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አያናግረኝም። ምግቡን ከእጄ ይቀበላል፣ ልብሱን አለብሰዋለሁ፣ ደጅ እመራዋለሁ፤ ቃል ግን አይወጣውም። የሚፈልገውን ነገር ለመድኃኒት ቀማሚው ነግሮ ያስነግረኛል። ጠርሙሶቹን ሞልተናቸዋል። ቀለም የለው፣ መዓዛ የለው፣ ማንም አይጠጣውም። እሱ ግን ቡሹን የሚመታው ማሙሽ ነው ብሎ አንዱንም አላስነካም፤ አፋቸውን በጨርቅ አስሬ አስቀምጫቸዋለሁ።

አንተን ያዳንኩህ እንዳይመስልህ። ላንተ ብዬማ ቢሆን ያን ቀን ደብዳቤህን ከኪሱ አውጥቼ ፊቱ ላይ እቀደው ነበር። ሁለት ዓይኑን አጥቷል። የቀረው አንተ ነህ። እሱን ደግሞ በገዛ እጄ ልነጥቀው አልቻልኩም።

እንግዲህ ና። ቀኑን ሙሉ ስለ አንተ መምጣት ለሰው ያወራል። ስትገባ አቅፎ ፊትህን ይዳብሳል፣ ከዚያ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ስለዚያ ጠርሙስ ነው። «አዎ አባባ፣ ደፍርሶ ነው የደረሰኝ» ትለዋለህ። እኔ አጠገብህ ቆሜ እየሰማሁህ ትለዋለህ።

እህትህ